መንግሥታት የአቶሚክን መሣሪያ ለመገደብ ለምን ይዋዋላሉ?

ባለፈው ወር በዚህ በኩልመስክ የዓለምን ካርታ ሰቅለን ስናስተምር፥ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ታላላቆቹ መንግሥታት አቶሚክ ቦምቡን ራሳቸው ይዘው ሌላው እንዳይሠራ የሚከለክሉት በምን ሥልጣን ነው? የሚከለከለውስ ስለ ምን እሺ ይላል?» ሲል ጠየቀን። የሰጠነው መልስ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ለራሳችንም አላጠገበንም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ዳግመኛ ልንመልስለት ወደድን።

ለእኛ ለላስታ ሰዎች የነገሩ መነሻ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላ፥ የሚመለሰውን ሠራዊታችንን የኢጣልያ አውሮፕላኖች በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በመርዝ ጢስ ፈጁት። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዚያ መዓት ሲመለሱ ወደ ላሊበላ ወጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ሰኔ 23 ቀንም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፥ መርዙ በሰውና በከብት፥ በውኃና በመስክ ላይ እንዴት እንደ ዘነበ ተናገሩ።

ልብ በሉ፤ ያ መርዝ በውል የተከለከለ ነበር። መንግሥታት ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. በዚያችው በጄኔቭ መርዝ ጢስ በጦርነት እንዳይሠራበት ተፈራርመዋል፤ ኢጣልያም በ1920 ዓ.ም. ውሉን አጽድቃዋለች። ነገር ግን ውሉ አፍራሹን የሚመረምርና የሚያግድ አልነበረውም። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለው የንግድ ቅጣትም ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀርቶ፥ በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. ጭራሽ ተነሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሁለቱም ወገን መርዙን በየግምጃ ቤቱ ስላከማቸ፥ በአውሮፓ የጦር ሜዳ እርስ በርስ ሊረጩት አልደፈሩም።

«እንግዲያስ ሁሉም ቦምቡን ይያዛ!» አለ ተማሪያችን። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ እኛም ጥቂት ዝም አልን። ሆኖም በደጋችን የሚሆነውን እናውቃለን። አንዱ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የገዛ እንደ ሆነ ጎረቤቱም በሬውን ይሸጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ያለ ጥማድ ይቀራሉ፤ ሌሊቱንም አይተኙም። በጠመንጃ ቢጋደሉ እንኳ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን ያስታርቃል። አቶሚክ ቦምብ ግን ሽማግሌ የሚልክ ሰው አያስተርፍም። በጥቅምት 1955 ዓ.ም. አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በኩባ ምክንያት ለ13 ቀናት ዓለምን በጭንቅ ያቆዩት እንዲህ ሆኖ ነው፤ ያን ጊዜ የተፋጠጡት ሁለት ነበሩ፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ቢሆኑ ምን ይሆን ነበር?

መርዙም ድንበር አያውቅም። ፈረንሳይ የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሰሐራ በረሃ፥ በሬጋን፥ የመጀመሪያ ቦምቧን ስትፈትን፥ የጎረቤት አፍሪካ አገሮች ጮኹ።

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው ውሳኔ ጸደቀ። በአቶሚክ መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ነው። 55 ደገፉ፥ 20 ተቃወሙ፥ 26 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ ከተቃወሙት መካከል አሜሪካ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። ውሳኔው በመግቢያው ያንኑ የ1917ቱን የጄኔቭ ውል ይጠቅሳል። የአሸንጌን ነገር የሚያውቅ አገር ያን ውል ሲያስጠቅስ ምን በልቡ እንደ ነበረ ለማወቅ አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ የመጣውና የካቲት 26 ቀን 1962 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአቶሚክ መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ውል፥ ከፊተኛው የሚለይበት ነገር አለው። ቦምብ የሌለው ላለመሥራት ይገባል፤ በምትኩ ለሕክምናና ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን የአቶሚክ ዕውቀት ያገኛል። መቀመጫው በቪየና የሆነው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ድርጅትም መርማሪዎቹን ልኮ ዩራኒየሙን ያስመዝናል፥ መዝገቡን ያመሳክራል፥ ዕቃውን ያሽጋል። እንግዲህ የሚከለከለው እሺ የሚለው ታላላቆቹን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም እንደ ተከለከለ የሚያይለት ሦስተኛ ዓይን ስላለ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ውል ገብታለች።

በአህጉራችንም የሆነ አለ። ደቡብ አፍሪካ በስውር 6 ቦምቦች ሠርታ ነበር፤ ኋላ ራስዋ አፈራርሳ በ1983 ዓ.ም. ወደ ውሉ ገባች፤ መርማሪዎችም መዝገቡን አገላብጠው አዩ። አፍሪካን ከአቶሚክ መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በካይሮ የተፈረመው ውል፥ በዚያች አገር የአቶሚክ ምርምር በሚካሄድባት በፔሊንዳባ ስም ተጠርቶ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል።

የተማሪያችን የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም። ታላላቆቹ በውሉ 6ኛ አንቀጽ መሣሪያቸውን ለማስወገድ በቅን ልብ ሊነጋገሩ ቃል ገብተዋል፤ ይሁንና ዛሬ በዘጠኝ መንግሥታት እጅ 12 ሺህ ያህል ቦምብ አለ። ህንድ፥ ፓኪስታንና እስራኤል ከውሉ አልገቡም፤ ሰሜን ኮሪያም በ1995 ዓ.ም. መውጣትዋን አስታውቃለች። ይህን ለልጁ አልሸሸግንም። በሚቀጥለው ሰኞ ካርታው ሲሰቀል ፔሊንዳባን፥ ሬጋንንና አሸንጌን ፈልጎ እንዲያሳየን አዝዘነዋል።