ፎርጅድ እርጅና

አምቦ ላይ አንድ ጊታሪስት ወዳጅ አለን። ባለፈው የሰርግ ሰሞን ማለቂያ ላይ ቤቱ ስንሄድ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አዲሱን ኤሌክትሪክ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። መጀመሪያ የተጫረ ነገር ሊያስተካክል መስሎን ነበር። ለካስ እየጫረው ነው! ክንድ የሚያርፍበትን ጠርዝ ቀለሙን ልጦ እንጨቱን አውጥቶታል። ነጫጮቹን ፕላስቲኮች ፈትቶ ወፍራም ሻይ ውስጥ ዘፍዝፏቸዋል። ብሎኖቹ ደግሞ አቼቶ ካለበት ጣሳ ውስጥ ታፍነው ዝገት ይጠብቃሉ።

«ምን ሆኖብህ ነው?» አልነው።

«ቪንቴጅ እያደረግኩት ነው።»

እናቱ ከኩሽና ብቅ ብለው አዩት። «ማል ታቴ?» አሉት በኦሮምኛ፣ ምን ነካህ እንደማለት። ቀጥለውም ለእኛ በአማርኛ፣ «ልጆቼ፣ ሰው በደህና ገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ይልጣል? እስቲ እናንተ ንገሩት» ብለው ገቡ። እኛም እነሆ እየነገርነው ነው።

ከሁሉ የገረመን የጊታሩ ራስ ላይ፣ ክሮቹ ከሚጠመጠሙበት አጠገብ ያለው ጥቁር ጠባሳ ነው። የሲጋራ ቃጠሎ ነው አለን። የድሮ ጊታሪስቶች እየተጫወቱ ሲጋራቸውን ክሩ ጫፍ ላይ ይሰኩ ስለነበር የድሮ ጊታር ይህ ምልክት አለው። እውነቱን ነው፣ አለው። ችግሩ ወዳጃችን በዕድሜው አንድ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ይኸው ጊታር ደግሞ እሁድ እሁድ በጸሎት ቤት መዘምራንን ያጅባል። ሽማግሌዎቹ ቃጠሎውን ቢያዩ ምን ሊላቸው እንዳሰበ ጠየቅነው። እሱን አላሰበበትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊታሩ ሦስተኛ ክር የለውም። ተበጥሶ ሁለት ሳምንቱ ነው። አዲስ አበባ ለሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ገንዘብ ሰጥቶ እየጠበቀ ነው።

ወዳጃችን ብቻውን ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ከጊንጪ እስከ ጌዶ የምናውቃቸው ጊታር ነክ ልጆች ስልክ ላይ ይኸው ቪዲዮ ነው የሚዞረው። አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ ደህናውን ጊታር በቁልፍ ጥምጣም ይደበድባል፣ ሚሊዮን ሰው ያደንቃል። ነገሩን የጀመረው እንዲያውም ትልቅ ፋብሪካ ነው። የአሜሪካው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1995 «ሬሊክ» ብሎ ሆን ተብሎ የቆሳሰለ አዲስ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ከፋብሪካው ሲወጣ አርጅቶ ነው የሚወጣው። አስቂኙ ነገር ብዙ የቆሰለው ብዙ ያስከፍላል።

ሮሪ ጋላገር የሚባል አየርላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ልጅ ሳለ ኮርክ ከተማ ውስጥ አንድ ስትራቶካስተር በ100 ፓውንድ፣ ያውም በዱቤ፣ ገዛ። እስኪሞት ድረስ ተጫወተበት። አንድ ጊዜ ተሰርቆ ዝናብ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ሰውየው መድረክ ላይ እንደ ጎርፍ ያልበው ስለነበር ቀለሙ አብዛኛው ረግፎ እንጨቱ ቀረ። ሮሪ እ.ኤ.አ. በ1995 አረፈ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው የዚያን ጊታር ቁስል በቁስሉ ገልብጦ ይሸጣል። የሰው ላብ ፎቶ ኮፒ ተነስቶ ተሸጠ ማለት ነው! ገዝቶ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሀብታም ፈረንጅ ይሁንለት፣ አይመለከተንም። አምቦ ላይ ያለ፣ አምፕሊፋየር ተከራይቶ የሚጫወት ልጅ ግን ምን ፈልጎ ነው?

መልሱን እናውቀዋለን፤ ወዳጃችንም አልደበቀም። «የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሳውንድ» ነው የሚፈልገው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲወጡ ዓለም የአዲስ አበባን የድሮ ሙዚቃ አበደለት። እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች ጂም ጃርሙሽ የሠራው ፊልም ውስጥ ገቡ። ፓሪስ ውስጥ አካሌ ውቤ፣ ቦስተን ውስጥ ደቦ የተባሉ ባንዶች ያንን ሙዚቃ ይዘው ተነሱ። ደስ ይላል፣ እኛም ኮርተንበታል። ነገር ግን ለእኛ ልጆች የተረፋቸው ትምህርት «ያረጀ ነገር ይሸጣል» የሚል ብቻ ሆነ። ለማርጀት የተከፈለውን ማንም አልነገራቸውም።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ባንድ ማታ የገባ ሰው ሲነጋ ነው የሚወጣውና እስኪነጋ ይጫወታል። በሳምንት ስንት ሰዓት ጣት ክር ላይ እንደሚውል አስሉት! የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ሥዩምን ስሙት። እጁ ላይ ጊታሩ ክራር ይሆናል። ያንን የሰጠው የጊታሩ ቀለም መላጥ ነው? ክራር ሰምቶ ማደጉና ሌሊቱን ሙሉ መቆሙ ነው እንጂ። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ቀረጻ ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ እየተጫወተ፣ በጥቂት ማይክራፎን የሚያዝ ነበር። የተሳሳተ ሰው እንደዛሬው በኮምፒዩተር አይጠገንም። የምንወደው «የድሮ ሳውንድ» አብዛኛው ይህ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚገኝ ነገር የለውም።

ደግሞ አምቦ ሆኖ እርጅና የሚበደር ሰው ይገርመናል። ሀጫሉ ሁንዴሳ የተወለደው እዚሁ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ ወህኒ ቤት ቆየ። ግጥምና ዜማ መሥራት የተማረው እዚያው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲገደል ገና 40 ዓመት እንኳን አልሞላውም፤ ድምፁ ግን ከዕድሜው በላይ ያረጀ ነበር። ያ እርጅና ከየት እንደመጣ አምቦ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ከተማ የወጣ ጊታሪስት፣ የቴክሳስ ቡና ቤት ውስጥ የተቃጠለ ሲጋራ ጠባሳ ሲበደር ምን እንበለው?

እሺ፣ ስሜቱን ትተን ወደ ዕቃው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የአሜሪካ ጊታሮች የሚቀቡት ኒትሮሴሉሎስ በሚባል ቀጭን ላከር ነበር። በዓመታት ይጠብቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ዛሬ እኛ እጅ የሚገባው ርካሽ ጊታር የሚቀባው ግን ፖሊኤስተር ወይም ፖሊዩረቴን ነው። ወፍራም ፕላስቲክ በሉት። እንደዚያ አይሰነጠቅም። ሲፈገፈግ ነጭ ዱቄት ይሆንና (ያውም ለሳንባ የማይበጅ ዱቄት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ) ጠርዙ ላይ እንደ ደረጃ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው በሩቅ ይለየዋል። የማያውቀው ደግሞ ልጅ ጣለው ብሎ ያልፋል። ታዲያ ለማን ነው?

አንድ ነገር ግን እንመን። የአንገቱን ጀርባ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይጠቅማል። የሚያጣብቀው አንጸባራቂ ቀለም ይሳሳና እጅ እንደልብ ይንሸራተታል። ይህን ወዳጃችን አሳይቶናል፣ እኛም ሞክረነው ወደነዋል። በድስት ማጠቢያ ሽቦ ከሠራችሁ ግን ፒክአፑን በፕላስተር ሸፍኑት፤ ማግኔት ስለሆነ ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል።

አሁን ወደሚያናድደን ነገር። ጉደር ላይ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ አለ። ስድስት ወር ቆጥቦ «የ70ዎቹ የጃፓን ጊታር» ገዛ። ከማን እንደገዛ አንናገርም። ቀለሙ ተልጧል፣ ፕላስቲኩ ቢጫ ነው፣ ብረቱ ዝጓል፤ ልጁ በደስታ ሊሞት ነው። ድምፁ አልወጣ ሲለው አምጥቶ አሳየን። በካቻቪቴ ፈታነው። ብሎኑ ጭንቅላቱ ዝጎ እግሩ ያብረቀርቃል። 50 ዓመት የኖረ ብሎን እንዲህ አይዝግም፤ አቼቶ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ያለው ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሽቦዎቹ የተያያዙት ዛሬ በሚሠሩ ርካሽ ጊታሮች ላይ በምናያት ትንሽ ነጭ ሶኬት ነው። ከሁለቱ ፒክአፖች አንዱ ዝገቱ ገብቶበት ሞቷል። የስድስት ወር የባጃጅ ገቢ፣ በሻይና በአቼቶ! ልጁ ምንም አላለም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ።

ወዳጃችን ይህን ስንነግረው ተቆጣ። «እኔ ልሸጠው አይደለም፣ ለራሴ ነው» አለ። ይሁን። ግን ነገ ክር መግዣ ቸግሮት ቢሸጠው፣ ገዢው ደግሞ ለሌላ ቢያስተላልፈው፣ ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ ታሪኩን ማን ይነግርለታል? ጊታሩ ራሱ ነው የሚናገረው። የሚናገረው ደግሞ ውሸት ነው። «ጂንስስ ተቀዳዶ ይሸጥ የለ?» አለን። ጂንስ ለብሶ «ይህ የተቀደደው ድንጋይ ስሸከም ነው» የሚል ሰው አላጋጠመንም።

የአምቦ ውሃን የመስታወት ጠርሙስ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እየተመለሰ እየተሞላ፣ ሳጥን ውስጥ እርስ በርሱ እየተፋተገ ትከሻው ላይ ነጭ ቀለበት ያወጣል። ስንት ሰው ጠጥቶበት፣ ስንት መኪና ጭኖት እንደሆነ ያ ቀለበት ይመሰክራል። ጊታርም እዚህ አገር ለመቆሳሰል እገዛ አይፈልግም። አንድ የጥር ሰርግ ሰሞን ይበቃዋል። አይሱዙ ላይ ከወንበርና ከድንኳን ብረት ጋር ይጫናል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ሰካራም አጎት ያቅፈዋል፣ ሕፃን በማንኪያ ይመታዋል። ሦስት ጥር ያለፈ ጊታር የትኛውም ፋብሪካ የማይሠራው መልክ ይኖረዋል። ባለቤቱም እያንዳንዱን ጭረት ቦታውንና ሰርገኛውን ጠርቶ ይነግራችኋል።

እውነተኛ አሮጌ የሚፈልግ ካለ ደግሞ አለ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ያኔ ጊታር የያዙ ሰዎች ዛሬ ጋሼ የምንላቸው ናቸው። ከእነሱ አንዱ እዚያው ወዳጃችን ሰፈር ይኖራሉ። ጊታራቸው አልጋ ሥር ነው፤ አንገቱ ጠሟል፣ የሚጠመዝዝ ቁልፍ ሁለቱ የሉም። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳቸው «ላድስልዎት» ብሎ ባትላሜራ ቤት ወስዶ በመኪና ቀለም ቀይ አስቀብቶ መለሰላቸው። የሠላሳ ዓመቱ ጭረት ሁሉ ከሥሩ ጠፋ። ወዳጃችን አዲሱን ሲልጥ እሳቸው ዘንድ አሮጌው ተለበጠ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ወዳጃችንን ይዘነው ሄድን። ጋሼ ጊታሩን አወጡና አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉ። የእሱን የተላጠ ጊታር ተቀብለው ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሲጋራ ያቃጠለው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ታጨሳለህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«አይ፣ ጋሼ።»

«ክሩስ የት ሄደ?»

ሾፌሩ ሐሙስ ይመጣል።