ከብት ሲያመልጥ ድንጋይ ይቅር



ከብት አጥር ጥሶ በወጣ ቁጥር ድንጋይ ይዞ መሯሯጥ በሰፈራችን እየተለመደ መጥቷል። እኛ በእርሻና በከብት የምንተዳደር ቤተሰቦች ይህን አንደግፍም። የደነበረ ከብት ሲያሳድዱት ይብስበታል እንጂ አይመለስም፤ ወይ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ወይ የሰው ጤፍ ይረግጣል። ይልቅስ ልጆችንና ውሻን አርቆ፣ በሩቁ ዞሮ ከፊቱ መቅደም፣ ከዚያም ቀስ አድርጎ ወደ በረቱ መንዳት ይሻላል። የምታጠባ ላም ከሆነች ጥጃዋን ማሳየት ነው። መሪዋ ከተመለሰች ሌላው ይከተላል።

ታዲያ ባለከብቱስ? «አምልጦኝ ነው» ማለት ከዕዳ አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ባለቤት እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ጎረቤት መንገድ በመዝጋት ያግዝ፤ ባለከብትም የተበላውን ሰብል በሽማግሌ አስገምቶ፣ ሳይከራከር ይካስ። አንዱ ያለሌላው አይሆንም።

ሰብል ማሳ ላይ ሳለ አጥርና የበረት መዝጊያ ማታ ማታ ይታይ፤ አደራ እንላለን። የተበላ ጤፍ በካሣ ይተካል፤ የተሰበረ የበሬ እግርና የሻከረ ጉርብትና ግን በቀላሉ አይጠገንም።