ውህደት የሚመረመረው ከመፈጸሙ በፊት ነው

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ለፋይናንስ ኃላፊያቸው ኢሜይል ጻፉ። ኢንስታግራምን የመሰሉ ጀማሪ ኩባንያዎችን መግዛት ነገ ሊነሳ የሚችል ተፎካካሪን ከወዲሁ ለማምከን እንደሚረዳ አነሱ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሌላ መልእክት አስከተሉ፤ እንዳይወዳደሩን ብለን እንገዛቸዋለን ማለቴ አልነበረም የሚል። ለማን ተብሎ እንደተጻፈ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ፌስቡክ 13 ሠራተኞች ብቻ የነበሩትን ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መርምሮ ፋይሉን ዘጋ። የብሪታኒያው መሥሪያ ቤትም ገቢ የሌለው የፎቶ መተግበሪያ ለፌስቡክ የማስታወቂያ ገበያ ያን ያህል ተቀናቃኝ አይሆንም ብሎ አሳለፈው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2020 መጨረሻ፣ ያው የአሜሪካ ኮሚሽን ግዢው ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። በኅዳር 2025 ዳኛ ጄምስ ቦዝበርግ ለሜታ (ለቀድሞው ፌስቡክ) ፈረዱ፤ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሚፎካከሩበት ገበያ ኩባንያው ዛሬ ብቸኛ ገዥ መሆኑን መንግሥት አላስረዳም አሉ። በዳኛው አንፈርድም። የቀረበላቸው የዛሬው ገበያ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ግን የያኔው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም፣ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ሲጠቀልሉ ተቆጣጣሪዎች ቀድመው መመርመር፣ ሲያስፈልግም መከልከል አለባቸው የሚል ነው። የተዋሐደውን መልሶ መለያየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አይተናል።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። ፌስቡክ በ2014 ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ ዋትሳፕ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያስገባው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚያየው የዓመት ሽያጭን ስለሆነ ያን የሚያህል ግዢ ከመለኪያው በታች ወደቀ። ብራስልስ ጉዳዩን ያየችው ፌስቡክ ራሱ በየአገሩ ከመመላለስ አንድ ቦታ ይታይልኝ ስላለ ነው። በምርመራው ወቅት ኩባንያው የሁለቱን አገልግሎቶች ተጠቃሚዎች አካውንት በራስ ሰር አስተማማኝ አድርጎ ማገናኘት አይቻልም አለ፤ በ2016 ግን ማገናኘት ጀመረ። በ2017 ለተሳሳተው መረጃ 110 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ ፈቃዱ ግን እንደጸና ቀረ። ለ19 ቢሊዮን ዶላር ግዢ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስፈራ አይደለም። ጀርመንና ኦስትሪያ በዚያው ዓመት ሕጋቸውን አሻሽለው ከሽያጩ በተጨማሪ የግዢው ዋጋ ራሱ እንዲታይ አደረጉ፤ ጀርመን ከ400 ሚሊዮን፣ ኦስትሪያ ከ200 ሚሊዮን ዩሮ ጀምሮ።

ሥራው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳየው የንድፍ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ የአዶቤና የፊግማ ጉዳይ ነው። አዶቤ በ2022 ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመጠቅለል ተነሳ። የለንደንና የብራስልስ መርማሪዎች ዛሬ ማን ስንት ገበያ ይዟል በሚለው ብቻ አልቆሙም፤ ፊግማ ብቻውን ቢተው ወዴት ያድግ ነበር፣ አዶቤስ የራሱን ተፎካካሪ ምርት ምን አደረገው ብለው ጠየቁ። አዶቤ በታኅሣሥ 2023 ውሉን ትቶ ለፊግማ 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። ፊግማም በ2025 አክሲዮኑን በኒውዮርክ ገበያ ሸጦ ራሱን ችሎ ቆሟል።

ክልከላ ዋጋ የለውም አንልም። አማዞን የቤት መጥረጊያ ሮቦት ሠሪውን አይሮቦትን ለመግዛት በ2022 ክረምት ተስማምቶ በጥር 2024 ተወው። አይሮቦት ፈቃድ እየጠበቀ 200 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ነበር፤ ውሉ በፈረሰበት ቀን 31 በመቶ ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይህን የሚጠቅሱ ተቺዎች አልዋሹም። እኛ የምናየው ጥፋት ግን ከምርመራው ይልቅ መጓተቱ ላይ ነው። የደከመ ኩባንያን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በጥርጣሬ ማንጠልጠል ከየትኛውም ውሳኔ የከፋ ነው።

በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውህደት ከመፈጸሙ በፊት እንዲታወቅ ያዛል፤ ሥልጣኑም አሁን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር እጅ ነው። የታክሲ መጥሪያና የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች እየበዙ ነው፤ መጠቃለላቸውም አይቀርም። የሚኒስቴሩ መርማሪዎች ካፒታልና ሽያጭ ብቻ ከቆጠሩ ብዙ ደንበኛ ኖሮት ገና ያላተረፈው ያመልጣቸዋል። የተጠቃሚ ብዛትንና የግዢ ዋጋን መለኪያ ውስጥ ያስገቡ፤ የገዢውን የቦርድ ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ፤ መልሱንም በወራት ውስጥ፣ ከነምክንያቱ፣ ለሕዝብ ያሳውቁ።