የተፈቱትን አይተሃል፤ ያልተፈቱትስ?

ወገኔ፣ በ2009 በቴሌቪዥን አይተሃቸዋል አይደል? ወንድሞቻችንን «አይደገምም» የሚል ካናቴራ አልብሰው «ተሃድሶ ጨረሱ» አሉን። ምን አጥፍተው ነው የሚታደሱት? ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ላይ የወጣው ሕዝብ እኮ የወልቃይትን ጥያቄ ነው ያነሳው፣ ኮሎኔል ደመቀ ይፈታ ነው ያለው። ለኦሮሞ ወንድሞቹም ጮኋል። መልሱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሆነ። መንግሥት ራሱ ኅዳር 2009 ላይ ባመነው ብቻ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታስሮ ነበር፤ ብዙው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ አዋሽ 7፣ ጦላይ፣ ብርሸለቆ ተጋዘ።

ደግሞ እስሩ ለታሰረው ብቻ እንዳይመስልህ። ኢሳት ማየት ወንጀል፣ እጅ ማጣመር ወንጀል የተባለው እኔና አንተ ቤታችን ቁጭ ብለን እርስ በርስ እንድንፈራራ ነው። ሠርቶላቸዋልም። የጎረቤታችን ልጅ ሌሊት ሲወሰድ፣ እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈት የተቀመጥኩት፣ በመስኮት አየሁና መጋረጃውን መለስኩ። እናቱ ስንቅ ቋጥራ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት «እዚህ የለም» ብቻ ነው የሚሏት። እስካሁን አልተፈታም።

አንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ስሙን፣ የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደወሰደው ጻፍ። ወረቀት ላይ ይሁን፣ ስልክ ይበረብራሉ። ቤተሰቡንም ጠይቅ። እኔ ዛሬ ማታ እናትየው ጋ እሄዳለሁ፤ ያየሁትን ልነግራት።