ከአሻንጉሊቷ በፊት ሥራው ይታይ

ለሴት ልጆች ተብሎ ስለሚዘጋጅ የትምህርት መሣሪያ በተነሣ ቁጥር በእኛ በዕጩ መምህራን መካከል ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደመጣል። አንደኛው ወገን «የሴት ልጅ ዝንባሌ ከወንድ ይለያል፤ ስለዚህ የሚስባትን ይዞ መቅረብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሮዝ ቀለም የተቀባ ትምህርት ትምህርት አይደለም፤ ልጆችን መለያየት ነው» ብሎ ይሟገታል። እኛ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለናል። ዋናው ጥያቄ መሣሪያው ምን ይመስላል ሳይሆን ልጅቷን ምን ያሠራታል የሚለው ነው።

ለዚህ አባባላችን ጥሩ ምስክር የሚሆነን፣ በአሜሪካ በአሻንጉሊቶች ስም ለሴት ልጆች የተዘጋጁት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ታሪክ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም ለአስተማሪ የሚሆን ቁም ነገር አለው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባርቢ የምትባለውን አሻንጉሊት ማቴል የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረባት በ1959 ነው። በ1984 በስሟ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ወጣ። በጨዋታው ውስጥ ኬን የተባለው ወዳጇ ስልክ ይደውልና ይቀጥራታል፤ ተጫዋቿ ባርቢን በመኪና ከሱቅ ሱቅ እያዞረች ለቀጠሮው የሚስማማ ልብስ ትፈልግላታለች። በቃ! ለመሆኑ ልጅቷ ምን ሠራች? መረጠች። ያውም ሌላ ሰው በቀጠረው ሰዓት።

በ1992 ደግሞ የምትናገር ባርቢ መጣች። ከ270 ዐረፍተ ነገሮች መካከል እያንዳንዷ አሻንጉሊት አራት አራት ይደርሳታል። ታዲያ ከእነዚህ አንዱ የሒሳብ ትምህርት ከባድ ነው የሚል ሆኖ ተገኘ! የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር ተቃውሞ አሰማ፤ ኩባንያውም ዐረፍተ ነገሩን አስወጣ፤ መቀየር ለሚፈልግ ገዢም እለውጣለሁ አለ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ያህል ምን ያስጮኻል የሚል ይኖር ይሆናል። አስተማሪ የሆነ ሰው ግን ያውቀዋል። ልጅ ከትልቅ ሰው ደጋግማ የሰማችውን ነገር የራሷ ሐሳብ አድርጋ ትይዘዋለች።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ያው ማቴል በሲዲ የሚሠራ አንድ የልብስ ቅድ ማውጫ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ጉዳዩ አሁንም ልብስ ነው፤ ቀለሙም ያው ነው። ሥራው ግን ተለውጧል። ልጅቷ የልብሱን ዓይነት ትወስናለች፤ ቀለሙንና ጥለቱን ታወጣለች፤ ባርቢ ለብሳው ስትራመድ በኮምፒዩተሩ ላይ አይታ ካልጣማት ታርመዋለች። ከዚያ በወረቀት ላይ በተለጠፈ ጨርቅ፣ እቤቷ ባለው ማተሚያ አትማ፣ ቆርጣ፣ ገጣጥማ እውነተኛዋን አሻንጉሊት ታለብሳታለች። ማቀድ፣ መሞከር፣ ማረም፣ መፈጸም ማለት ይህ አይደለም እንዴ? በዘዴ ትምህርት ክፍል ሌት ተቀን የምንሰማው ይህንኑ ነው። ጨዋታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከ500,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ። ሴት ልጅ ከኮምፒዩተር ጋር ምን አላት ይል የነበረው ነጋዴ ሁሉ አፉን ያዘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛው ሙያ የወጣ ነው። ፕሌዘንት ሮውላንድ የተባለች የቀድሞ አስተማሪና የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ፣ በ1986 አሜሪካን ገርል የሚባሉትን አሻንጉሊቶች ማውጣት ጀመረች። አሻንጉሊቶቹ በተለያየ የታሪክ ዘመን የኖሩ የዘጠኝ ዓመት ልጆችን የሚወክሉ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የታሪክ መጻሕፍት አሏቸው። በ1993 የወጣችው አዲ ዎከር፣ በ1864 ከእናቷ ጋር ከባርነት ያመለጠች ጥቁር ልጅ ናት። በ1997 ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ የተባለው ድርጅት በእነዚሁ ልጆች ታሪክ የቲያትር ጨዋታ ለኮምፒዩተር አዘጋጀ። ተጫዋቿ መድረኩን ትመርጣለች፤ ገጸ ባሕርያቱን ታስገባለች፣ ታስወጣለች፤ የሚናገሩትን ራሷ ትጽፋለች። እንግዲህ አዲን ለማናገር የአዲን ዘመን ማወቅ ግድ ነው። ታሪክና ቋንቋ እንዲህ ተጋብተው ሲቀርቡ የማይወድ አስተማሪ ማን ነው?

ይህ ሲባል ግን ነጋዴ ሁሉ ለሴት ልጆች አሳቢ ሆነ ማለታችን አይደለም። ማቴል በ1998 የሮውላንድን ኩባንያ በ700 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1999 ደግሞ ዘ ለርኒንግ ካምፓኒን ገዛ፤ ሁለተኛው ከባድ ኪሣራ አምጥቶበት በ2000 ለሌላ አስተላለፈው። አሻንጉሊቷ ጨዋታውን ታሻሽጣለች፤ ጨዋታውም አሻንጉሊቷን ያሻሽጣል። በ2010 ደግሞ ባርቢ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ሆነች ተብሎ አንድ የልጆች መጽሐፍ ታተመ። ሲገለጥ ምን ተገኘ? ባርቢ የጨዋታውን ሐሳብና ሥዕል ታወጣለች፤ ፕሮግራሙን የሚሠሩላት፣ ኮምፒዩተሯ ሲበላሽም የሚያድኗት ሁለት ወንዶች ናቸው። በ2014 ነገሩ በሰፊው ተወግዞ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የገበያን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። «መሐንዲስ» የሚል ስም የያዘው መጽሐፍ ልጅቷን ከሥራው አራቃት፤ «ልብስ» የሚል ስም የያዘው ጨዋታ ከሥራው አገናኛት።

እዚህ ላይ «ኮምፒዩተር በሌለው ትምህርት ቤት ለምንመደብ ለእኛ ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው» የሚለን አይጠፋም። ኧረ እንዲያውም ለእኛ ይብሳል! ያ መጽሐፍ ያደረገው ነገር በጠመኔና በካርቶንም ይደረጋል። በቡድን ሥራ ጊዜ ልጅቷ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብላ ሁልጊዜ ጸሐፊ ትሆናለች፤ ወንዱ ይለካል፣ ይቀላቅላል፣ ወጥቶ ያስረዳል። ካርታ ሲሠራ እሷ ቀለም ትቀባለች፤ ሚዛኑን የሚያሰላው ሌላ ነው። ማንም አልከለከላትም፤ እንዲያውም ተመስግናለች። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የምታምር ደብተር ይዛ ትወጣለች እንጂ መለኪያውን በእጇ አልነካችውም። ከዚያ በፈተና ስትወድቅ «ሴቶች ሒሳብ ላይ ደካማ ናቸው» ይባላል። ተናጋሪዋ አሻንጉሊት የተባለችውም ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ አሻንጉሊቷን መቀየር ይቻላል፤ የአስተማሪን ቃል ግን ለውጡልኝ ብሎ የሚመልስበት ሱቅ የለም።

ስለዚህ ማናቸውንም የትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ በኮምፒዩተር የመጣም ይሁን በካርቶን የተሠራ፣ ከመምረጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ልጅቷ በዚህ መሣሪያ ትሠራለች ወይስ የተሠራውን ትመርጣለች? ስትሳሳት ራሷ ታርማለች ወይስ የሚያርምላት ይመጣል? ስትጨርስ ይህን እኔ ሠራሁት የምትለው ነገር በእጇ ይቀራል? መልሱ ጥሩ ከሆነ ሮዝ ቢሆንም ግድ የለንም። መጥፎ ከሆነ ደግሞ «ሳይንስ» ተብሎ ቢጻፍበት አያታልለን።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። በማስተማር ልምምድ መገምገሚያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመርልን፤ በክፍለ ጊዜው ውስጥ መሣሪያውን በእጃቸው የሠሩበት ሴቶች ስንት ናቸው የሚል። የሚቆጠር ነገር ይታሰብበታል። የተለየ ሐሳብ ያለው ጽፎ ይለጥፍ፤ ግድግዳው ለሁላችንም ይበቃል።