የፎገራን ሩዝ ከሰማይ መለካት

የሳተላይት ምስል የፎገራን የሩዝ ማሳ ለክቶ የገበሬውን የመድን ካሣ ይወስን የሚለው ሐሳብ ከሩቅ ሲሰማ ማራኪ ነው። በእኔ ግምት ግን ሥራው ከመጨረሻው የተጀመረ ይሆናል።

ስልቱ በራሱ እንከን የለውም። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ግን አብዝቶ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የልምላሜ መለኪያ ይገኛል፤ ማሳው ከቀዩ 5 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ 45 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 0.8 ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ይህን መረጃ በየ5 ቀኑ፣ በ10 ሜትር ጥራት፣ ያለ ክፍያ ያቀርባል።

ፎገራ ላይ ግን ሩዙ የሚያድገው በክረምት ነው፤ የጣና ዙሪያ ሰማይ በደመና የሚሸፈነውም ያኔው ነው። ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ደመናን ዘልቆ አያይም። ቡቃያው ገና ሳለ በማሳው የተኛው ውኃ ኢንፍራሬዱን ስለሚውጥ ጤነኛው ሰብል የታመመ ይመስላል። ኋላ ቅጠሉ ሲደራረብ መለኪያው ጣሪያ ይነካል፤ ፍሬው የሞላውና ያልሞላው ማሳ እኩል ለምለም ሆነው ይታያሉ። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሩዙ ሳይታጨድ በመካከሉ ጓያ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። ያ ልምላሜ የየትኛው ነው?

የማሳው ስፋትም አለ። ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር በዚህ ጥራት 25 ነጥብ ብቻ ይይዛል። ነጥቦቹ ከድንበሩ ጋር ልክ ቢገጥሙ እንኳ 16ቱ ዳር ላይ ያርፋሉ።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ያመጠቀችው ራዳርሳት ዓይነት ራዳር ደመናውን ያልፋል፤ ነገር ግን የሚያየው የሰብሉን ቅርጽና እርጥበት እንጂ ኩንታሉን አይደለም።

በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለአርብቶ አደሮች በልምላሜ ላይ የተመሠረተ መድን ተሽጧል። እዚያ ልምላሜው ራሱ መኖ ነው። የሩዝ ገበሬ ግን የሚሸጠው ፍሬውን ነው (ገለባው ለከብቱ ቢተርፍም)። ይህን የምጽፈው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ሆኜ ነው፤ በዚሁ በኦንታሪዮ የበቆሎ አምራቹ መድን የሚሰላው በዋናነት በራሱ እርሻ የቀደሙ ዓመታት ምርት ነው። ባለጸጋው ገበሬ በሚዛን ሲዳኝ ድኻው በቀለም የሚዳኝበት ምክንያት አይታየኝም። በመለኪያውና በደረሰው ጉዳት መካከል ያለውን ክፍተት የሚከፍለው ዐረቦኑን ከፍሎ፣ ሰብሉ ጠፍቶበት፣ «ማሳህ ለምለም ነው» የሚባለው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሚዛን ተሸክሞ የሚሄድ አይገኝም፣ ሳተላይት ግን ያልፋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። አስቸኳይ እርዳታ የት ይሂድ ለሚለው ምስሉ ሊበቃ ይችላል፤ ዐረቦን የተከፈለበት ውል ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ በመጀመሪያ በዕጣ በተመረጡ ማሳዎች ላይ አጭደው፣ ወቅተው፣ መዝነው ለሚመዘግቡ የቀበሌ ሠራተኞች ይዋል። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መዝገቡን ከሳተላይቱ ቁጥር ጋር ለጥቂት የመኸር ወቅቶች ያስተያይ። ከዚያ በፊት ውል የሚፈረም ከሆነም፣ ቁጥሩን የሚቃወም ገበሬ ሳይታጨድ ማሳው እንዲመዘንለት የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባበት፤ የመመዘኛውንም ወጪ መድን ሰጪው ይክፈል።