መሰላሉ ላይ ቤት አይሠራም

የምረቃ ወቅት ሲደርስ በየኢንጂነሪንግ ኮሌጁ አንድ ዓይነት ትዕይንት ይደገማል። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ብሬድቦርድ ተዘርግቷል። አጠገቡ አርዱዪኖ፣ በላዩ ሁለት ሦስት ሰማያዊና ሐምራዊ ሞጁሎች፣ በመካከላቸው እንደተፈታ ሹሩባ የተዘበራረቁ ጃምፐር ሽቦዎች አሉ። ፕሮጀክቱ የእንቁላል ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ነው፤ ወይም የመስኖ ሰዓት ጠባቂ፤ ወይም የጋዝ ማስጠንቀቂያ። ፈታኙ ጠጋ ሲል ጠረጴዛው ይነካል፣ አንዱ ሽቦ ይላቀቃል፣ ስክሪኑ ይጠፋል። ተማሪው ደንግጦ ሽቦውን ይጫነዋል፤ ስክሪኑ ይመለሳል፤ ሁሉም ይስቃል። ጥሩ ውጤት ይሰጠዋል። ከዚያ ዕቃው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከካርቶኑ ግን አይወጣም።

ተማሪውን ሰነፍ ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሳይተኙ የሠሩት ሥራ ነው። መጠየቅ ያለበት ያ ፕሮጀክት ከካርቶኑ ወጥቶ ቢሾፍቱ ያለ አንድ ዶሮ አርቢ ግቢ እንዳይደርስ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው ነው። የመልሱ አንዱ ክፍል እነዚያ ሰማያዊ ሞጁሎች ላይ ነው ያለው።

ሞጁሎቹ ለምን እንደተፈጠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ድሮ ቺፕ ማለት እንደ በረሮ በግራና በቀኝ እግር ያለው ጥቁር ነገር ነበር። በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ነው፤ የብሬድቦርድ ቀዳዳዎችም በዚሁ ልክ የተበሱ ናቸው። ማንኛውም ጀማሪ ቺፑን ሰክቶ መሞከር ይችላል። ስልክና ኮምፒውተር እያነሱ ሲሄዱ ግን ፋብሪካዎች በቀዳዳ የሚገባውን እግር እየተዉ ሰሌዳው ገጽ ላይ ወደሚበየድ ቺፕ ዞሩ። ቦሽ የሚያመርተው ቢኤምኢ280 የተባለው የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት ሴንሰር ጎኑ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ሙሉው ሴንሰር በሁለት የብሬድቦርድ ቀዳዳዎች መካከል ካለው ርቀት ያንሳል ማለት ነው። 8ቱ መገናኛዎቹም ከሆዱ ሥር ስለሆኑ ከተበየዱ በኋላ በዓይን አይታዩም።

ይህን ክፍተት የሞሉት ብሬክአውት ቦርድ የሚባሉት ትንንሽ ሰሌዳዎች ናቸው። እዚህ ሁሉም ሰው ሞጁል ይላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ናታን ሳይድል በ2003 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ስፓርክፈን፣ ሊሞር ፍሪድ በ2005 የመሠረተችው አዳፍሩት፣ ትንሿን ቺፕ ሰሌዳ ላይ በይደው እግሯን ወደ 2.54 ሚሊሜትር አስፍተው ለማንም ሰው መሸጥን ሥራቸው አደረጉት። በኋላ የሼንዘን ፋብሪካዎች ይህንኑ በርካሽ አባዙት። መርካቶም ሆነ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡት ሞጁሎች አብዛኞቹ የዚያ ውጤት ናቸው።

ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ላብራቶሪ የሌለው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የአየር ግፊት እንዲለካ፣ ዋይፋይ እንዲያገናኝ፣ ሞተር እንዲያዞር አስችሎታል። ትላልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ያሉ መሐንዲሶችም አዲስ ቺፕ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚሞክሩት በተዘጋጀ ሰሌዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሞጁል መጠቀም አያሳፍርም። ልዩነቱ ያ መሐንዲስ ሞክሮ ሲያበቃ ቺፑን ወስዶ የራሱ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጠዋል። ሞጁሉ ለእርሱ መሰላል ነው። እዚህ ግን መሰላሉ ላይ ቤት እየተሠራ ነው።

ሞጁሉ ከቺፑ በተጨማሪ ብዙ ነገር ይሸከማል። ከቺፑ የኃይል እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ የሚሆን ካፓሲተር አለ፤ ቺፑ በድንገት ጉልበት ሲፈልግ ቮልቴጁ እንዳይወድቅበት ይደግፈዋል። 5 ቮልትን ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ መቆጣጠሪያ አለ፤ ቢኤምኢ280 ከ3.6 ቮልት በላይ እንዲሰጠው አልተሠራምና። በመገናኛ መስመሮቹ ላይ ቮልቴጁን ወደ ላይ የሚስቡ ሬዚስተሮች አሉ። ተማሪው እነዚህን አያያቸውም። 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር የያዙ አራት ሞጁሎች አንድ መስመር ላይ ሲሰካ ሬዚስተሮቹ ጎን ለጎን ተደምረው ወደ 1.2 ኪሎኦም እንደሚወርዱ የነገረው የለም። መስመሩ ሲያስቸግረው ኮዱን ይወቅሳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ቢኤምፒ280 የሚባል ሌላ የቦሽ ሴንሰር አለ፤ ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ሙቀትና ግፊት ይለካል፤ እርጥበት ግን አይለካም። ዋጋውም ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ቢኤምኢ ተብሎ ቢኤምፒ የተበየደበት ሞጁል በገበያ ላይ ያጋጥማል። ቺፖቹ ሲጠየቁ መለያ ቁጥራቸውን ይናገራሉ፦ ቢኤምኢው በሄክሳዴሲማል 60፣ ቢኤምፒው 58። ዳታሺቱን የከፈተ ተማሪ በአምስት ደቂቃ ይለየዋል። ያልከፈተው ግን "ሴንሰሩ ተቃጥሏል" ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውም ያው ይሆንበታል።

እንቁላል ማስፈልፈያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል፤ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት አለበት፤ እርጥበቱም መጠበቅ አለበት። ሞጁሉ ላይ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ራሱ ሞቆ የሴንሰሩን ንባብ ሊያዛባው ይችላል። አንድ የላላ ሽቦ በ15ኛው ቀን ሌሊት ቢላቀቅ ጠዋት የሚገኘው የሞተ እንቁላል ነው። ፈታኙ ፊት የሚያስቀው ነገር አርቢው ቤት ኪሳራ ነው። አርቢው ደግሞ ከዚያ በኋላ "የአገር ልጅ የሠራው" የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ያዞራል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ እውነትም አለው። ቺፕ ለብቻው አንድ ፍሬ መግዛት አስቸጋሪ ነው፤ አስመጪው የሚያመጣው ሞጁል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሞጁሉ ከባዶው ቺፕ ይረክሳል። አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ከነበረበት ተነስቶ ብር በገበያ እንዲመራ በተደረገበት በ2024 እ.ኤ.አ. ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ደግሞ ተማሪ እየሞከረ የሚያቃጥለው ነገር እንዲኖረው መጠበቅ ከባድ ነው። አንድ ቺፕ ሲበይዱ ማበላሸት የአንድ ሳምንት ምሳ ማበላሸት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ይኸው ክርክር ወደ ሌላው ጎንም ይቆርጣል። የውጭ ምንዛሪ ውድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ሙሉ ሰሌዳ፣ አንድ መቆጣጠሪያ፣ አንድ ረድፍ ፒን ማስመጣት ነው ውዱ። አራት ሞጁል የሚሠራውን አንድ በአግባቡ የተነደፈ ሰሌዳ ይሠራዋል። ለመለማመድም ቺፕ ማቃጠል አያስፈልግም። ከተጣለ ሬዲዮ፣ ከተሰበረ ቻርጀር፣ ከሞተ ሪሲቨር የሚነቀል ዕቃ ሞልቷል። እሱ ላይ ነቅሎ መልሶ መበየድ ምንዛሪ አይጠይቅም።

"ግን ማን ያስተምራል? እንዲህ ያለ ረቂቅ ብየዳ እኮ በማሽን የሚሠራ ነው" የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚባለው። መገናኛ ወይም መርካቶ ስልክ ወደሚጠገንበት ሱቅ ጎራ ያለ ሰው መልሱን ያያል። አንድ ሜትር በማትሞላ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ፣ የሙቅ አየር መንፊያ፣ ቀጭን መቆንጠጫ አለ። ወጣቱ በእጁ 1 ሚሊሜትር በ0.5 ሚሊሜትር የሆነች ዕቃ አንስቶ ይተካል። ከሆዱ ሥር የሚገናኝ ቺፕ ነቅሎ፣ ሰሌዳውን አጽድቶ፣ አዲሱን አስቀምጦ ያሞቃል፤ ስልኩ ይነሳል። ይህን በቀን ደጋግሞ ይሠራል። ከመካከላቸው ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ብዙ ነው። ተማሪው "አይቻልም" የተባለውን ነገር የካምፓሱ አጥር ማዶ ያለው ልጅ እንጀራ ይበላበታል።

ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ተማሪው የኦም ሕግን፣ የሲግናል ትንተናን፣ ኮድ መጻፍን ያውቃል፤ እጁ ግን አልሠለጠነም። ጠጋኙ እጅ አለው፤ ሰሌዳ እንዴት እንደሚነደፍ ግን ማንም አላሳየውም። አገሪቱ ሁለቱንም ይዛ ምርት የላትም። በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ብዙ ተወርቶለታል፤ ኮድ መማሩ መልካም ነው። ግን ኮዱ የሚሮጥበትን ሰሌዳ የሚሠራ እጅ ከሌለ ያ ኮድ ሁልጊዜ በሌላ አገር ዕቃ ላይ ተከራይ ሆኖ ይኖራል።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ኮሌጆች በሳምንት አንድ ከሰዓት የስልክ ጠጋኞችን በክፍያ ወደ ላብራቶሪ ይጥሩ፤ አስተማሪ ተብለው፣ በክብር። የመጀመሪያው ትምህርት ባዶ ማስተላለፊያ ሰሌዳ ላይ የእግሮቹ ርቀት 1.27 ሚሊሜትር የሆነ ቺፕ መበየድ ይሁን፤ ይህ ተራ መበየጃ፣ ፍለክስና የሚረጋ እጅ ላለው ሰው በአንድ ቀን የሚለመድ ነው። በዚህ መንገድ ተማሪው ሞጁል መግዛቱን ሳያቆም የራሱን ሞጁል መሥራት ይማራል። ጠጋኙም በልዋጩ ንድፍ ይማር።

ሁለተኛው የፈተናው ሚዛን ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት በብሬድቦርድ ሊጀመር ይገባል፤ በብሬድቦርድ ማለቅ ግን የለበትም። ቢያንስ አንዱ ክፍል ተማሪው ራሱ በነደፈው የሰርኪት ሰሌዳ ላይ ይቅረብ። የንድፍ ሶፍትዌሩ ኪካድ በነጻ ይገኛል፤ ባለ አንድ ገጽ ሰሌዳ ደግሞ በፌሪክ ክሎራይድ እዚሁ በእጅ ይታጠባል። ፈታኙም "ይሠራል ወይ?" ብሎ አይብቃው። "ይህች ካፓሲተር እዚህ ምን ትሠራለች?" ብሎ ይጠይቅ። መመለስ ያልቻለ ተማሪ ዕቃ ገጣጥሟል፤ ገና መሐንዲስ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ፕሮጀክቱን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ በሚኒባስ ጭኖ፣ ቢሾፍቱ አውርዶ መሰካት ነው። 21 ቀን ሳይነካ ከሠራ አልፏል። ከዚህ የተሻለ ፈታኝ የለም፤ ጫጩቷ ወይ ትወጣለች ወይ አትወጣም።